ተመዝግቧል ያልኳቸው ስድስት ሰዎች

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሪቱ በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «እስቲ ዛሬ እንኳ ንገሪኝ፤ እዚያ ማሰልጠኛ ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። አስተማሪ እንዳልነበርኩ ታውቃለች። ጸሐፊም እንዳልነበርኩ ታውቃለች። ትንሽ አሰብኩና፣ «ሰው ትምህርቱን የት ላይ እንዳቆመ መያዝ ነበር ሥራዬ» አልኳት።

ሳቀች። «ለዚህም ደመወዝ አለው?»

አለው፤ ብዙ ባይሆንም። እሷ ስቃ ገባች፣ እኔ ግን ነገሩን ሳብሰለስል ዋልኩ። በዚያ ሥራ ላይ ስድስት ሰዎችን በድያለሁ። የእነሱን ነገር ትቼ ስለ ሥራ ዘመኔ ባወራ ግማሹን የደበቅኩ ይመስለኛል።

ሥራ የጀመርኩት ቴፒ ነው፤ በአንድ የቡና እርሻ ጽሕፈት ቤት፣ በታይፒስትነት። አባቴ ከከምባታ መጥቶ እዚያው የቀረ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ጅማ ልኮ ታይፕ አስተማረኝ። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የጽሕፈት መኪናዬን ድምፅ ይውጠዋል። ፊደሉን መምታቴን የማውቀው በጣቴ ብቻ ነበር። አንድ ፊደል ከሳትኩ ደግሞ ከካርቦኑ ሥር ያሉት ቅጂዎች ሁሉ አብረው ይበላሻሉ። ደርግ ወድቆ መሥሪያ ቤቶች ፈርሰው እንደገና ሲደራጁ ወደ ሚዛን ተፈሪ ተዛወርኩና መዝገብ ቤት ገባሁ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኃይሌ ይባሉ ነበር። የቦንጋ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ። አዲስ መዝገብ ሲከፍቱ አንድ ቃል ሳይጽፉበት ገጾቹን ሁሉ በእጃቸው ቁጥር ይሰጧቸዋል፤ «ገጽ ቢገነጠል መገንጠሉ ይታወቅ» ይሉ ነበር። ባለጉዳይ የነገራቸውን ጽፈው ሲጨርሱም መዝገቡን ወዲያው አይዘጉም። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ለሰውየው ያነቡለታል። «የጻፍኩት ይህ ነው። ያልከኝ ይህ ነው?» ይሉና አዎ እስኪል ይጠብቃሉ። አማርኛ የሚከብደው ከሆነ ከኮሪደሩ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጠርተው ያስረዱታል። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ቢደርስም ይህን አያስቀሩም።

አንድ ቀን ሰልፉ አሰልችቶኝ፣ «አቶ ኃይሌ፣ ሰውየው ነግሮናል፣ እኛም ጽፈናል፤ ደግመን የምናነበው ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«መጻፍሽን አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «የእሱን ጉዳይ መጻፍሽን የሚያውቀው ግን እሱ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ መምህር የዝውውር ማመልከቻ ይዞ መጣ። መዝገቡ ላይ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። አቶ ኃይሌ ሲያነቡለት፣ «ወደ ሸካ እንዲዛወር የጠየቀ» የሚለው ላይ ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። «ሸካ አላልኩም! ሸኮ ነው ያልኩት፤ እናቴ ያለችው ሸኮ ነው» አለ። አንድ ፊደል ናት፤ ሰውየውን ግን ከእናቱ አርቃ ሌላ አገር ልትሰደው ነበር። አቶ ኃይሌ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፣ አረምኩት።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ በከተማው ወደሚገኝ አንድ የጤና ባለሙያዎች ማሰልጠኛ ተዛወርኩ። ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ማሰልጠኛው አሥራ አምስት ኮምፒውተሮች ተሰጡት። ሥልጠናው በኮምፒውተር እንዲሆን ተወሰነና ሰብለ የምትባል የፕሮግራም ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። ነባሮቹ ሠራተኞች ሁሉ ከዕድሜያችን ጋር አይሄድም ብለው ሲሸሹ ከእሷ ጋር እንድሠራ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሃምሳ ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ሰብለ ትዕግሥተኛ ነበረች። የመጀመሪያውን ቀን ወረቀት አውጥታ ሁለት ሳጥን ሣለች። «እትዬ ሙሉነሽ፣ ይሄኛው ትምህርቱ ነው፤ ያኛው መዝገቡ። አይተዋወቁም። የሚነጋገሩት በጥቂት የተስማሙባቸው ትእዛዞች ብቻ ነው፤ ጀምር፣ አምጣ፣ ያዝ፣ አስቀምጥ፣ ጨርስ። እርስዎ የሚጽፉት ይህንን ንግግር ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠልጣኙ ገብቶ ስሙን ሲጽፍ ትምህርቱ መዝገቡን፣ ይህ ሰው የት ላይ ነበር ያቆመው ብሎ ይጠይቃል። መዝገቡ፣ ሦስተኛው ክፍል፣ ሰባተኛው ገጽ ይላል። ሰውየው ሲሠራ ደግሞ ውጤቱ ይላካል፤ መጨረስ አለመጨረሱም ይላካል። ከዚህ ሌላ ትምህርቱ የራሱን ማስታወሻ የሚያኖርበት አንድ ቦታ አለ፤ የሠልጣኙ የጽሑፍ መልሶች የሚገቡት እዚያ ነበር። መዝገቡ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ መልስ ይሰጣል፦ «ሆኗል» ወይም «አልሆነም»።

ኮድ መጻፍን ከታይፕ ይልቅ ወደድኩት። ስትሳሳት ታስተካክላለህ፤ ካርቦን የለበትም። አንዲት ነርስ ዓርብ ትምህርቷን አቋርጣ ሄዳ ሰኞ ስትመለስ ማያው ያቆመችበትን ገጽ ከፍቶ ሲቀበላት፣ «እንዴ! አስታወሰኝ!» ያለችው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሰብለ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ክፍሉ በእኔ ኃላፊነት ሆነ።

የመጀመሪያው ትልቅ ሥልጠና ስለ ወሊድ እርዳታ ነበር። ስድስት ክፍል አለው። አጠናቅቆ ያለፈ በየወረዳው ጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ይመደባል፤ ያላለፈ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከመጡት መካከል አስካለች የምትባል ልጅ ነበረች፤ ከቱም ወዲያ ካለ አንድ ጤና ኬላ የመጣች። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በሁለት ጣቷ ስትጽፍ ትውላለች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ይሁን ጠባይዋ፣ ሌላው በአንድ መስመር የሚመልሰውን እሷ ገጽ ትሞላበታለች።

«አስካለች፣ አጠር አድርገሽ ጻፊው እንጂ» አልኳት አንድ ቀን።

«እትዬ፣ እናት እየደማች እንዴት አጠር አደርገዋለሁ?» አለችኝ ዓይኗን ከማያው ሳትነቅል።

ሌላው ተረፈ ነው፤ የሸኮ ነርስ፣ ሲያወራ ክፍሉን የሚያስቅ፣ ሲጽፍ ግን ከሁሉ ኋላ የሚወጣ። እሱና አስካለች ማን የበለጠ እንደጻፈ ይፎካከሩ ነበር።

በመጨረሻው ቀን በሁለት ፈረቃ ተከፍለው አምስተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል በአንድ መቀመጫ ሠርተው ጨረሱ። እያንዳንዱ መልስ ሲላክ ማያው ላይ በአረንጓዴ «ተመዝግቧል» የሚል ይወጣል፤ ያንን ቃል ያስገባሁት እኔ ነበርኩ። ተሰነባብተው ሄዱ። በማግሥቱ ዝርዝሩን ከመዝገቡ አወጣሁ። ሃያ ሁለቱ አጠናቀዋል፣ ስድስቱ «አላጠናቀቁም» ይላል። አስካለችና ተረፈ ከስድስቱ ውስጥ ነበሩ። ገረመኝ፤ ግን ኮምፒውተሩ ያለውን አመንኩ። የማሰልጠኛው ዲን ፈረመበት፣ ዝርዝሩ ወደየወረዳው ሄደ። ከስድስቱ አንድም ሰው አቤት አላለም።

ከሁለት ወር በኋላ ሁለተኛው ዙር ገባ። አምስተኛው ክፍል ላይ እያሉ መብራት ሄደ፤ ሚዛን ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። መብራቱ ሲመለስ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አነሣች። «የጻፍኩት የለም» አለች።

«መብራት ጠፍቶ ነው፤ እንደገና ጻፊው» አልኳት።

«አይደለም እትዬ። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ተመዝግቧል ብሎኛል። አይቻለሁ።»

ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሠልጣኞቹ ምሳ ሲወጡ ቁጭ ብዬ የመዝገቡን መልሶች አንድ በአንድ አየሁ። «ሆኗል፣ ሆኗል፣ ሆኗል»፤ ከዚያ «አልሆነም»። ከዚያም «አልሆነም» ብቻ። ሰብለ ጋ ደወልኩ።

«ማስታወሻው የሚገባበት ቦታ ልክ አለው፤ አራት ሺህና ጥቂት ምልክት ነው» አለችኝ። «እኛ የሞከርነው በእንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት ነበር። አንድ የአማርኛ ፊደል ሲገባ ግን የስድስት ምልክት ቦታ ይይዛል። ሲሞላ መዝገቡ አልሆነም ብሎ ይመልሳል። እትዬ... ያንን መልስ የሚያይ መስመር ጽፈዋል?»

አልጻፍኩም። የእኔ ኮድ መጀመሪያ ማስታወሻውን፣ ቀጥሎ የቆሙበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ውጤቱን ይልካል። የመጀመሪያው «አልሆነም» ተብሎ ሲመለስ የቀሩት ሳይሄዱ ይቀራሉ። «ተመዝግቧል» የሚለው ቃል ግን መልሱን ሳይጠብቅ ይወጣል። የአቶ ኃይሌ ተማሪ ነኝ ባይዋ እኔ፣ ሳላነብ መዝገብ ዘግቻለሁ።

የመጀመሪያውን ዙር ከፈትኩ። ስድስቱም እዚያው አምስተኛው ክፍል ላይ ቆመዋል። ስድስቱም ብዙ የጻፉ ናቸው። አዎ፣ አይደለም እያሉ ያለፉት ቦታው ሳይሞላባቸው አጠናቀቁ ተባሉ፤ የደከሙት ወደቁ።

ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት አቶ ኃይሌ ቤት ነው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

በማግሥቱ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። «ወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ዝርዝሩ ሄዷል፣ ምደባው አልቋል፤ ቅሬታ ያቀረበም የለም። ለወደፊቱ እንዳይደገም አስተካክዪውና እንለፈው» አለኝ።

«ቅሬታ ያላቀረቡት ጥፋቱ የራሳቸው መስሏቸው ነው» አልኩት። «የእኔ መሆኑን ጽፌ ልፈርም።»

ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ከዚያ የሚያሳስበኝ ነገር ስለነበረ አላስከፋኝም። ዲኑ በመጨረሻ ለየወረዳው ስህተቱ የማሰልጠኛው እንጂ የሠልጣኞቹ እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ፈረመልኝ። የጠፋው መልስ ግን አይመለስምና አልፈዋል ለመባል እንደገና መፈተን ነበረባቸው። ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ይቻል ነበር። እኔ ግን ፈቃድ ወስጄ ራሴ ይዤ ወጣሁ።

ቱም ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ባጩማን ካለፍን በኋላ የተሳፈርንባት አይሱዙ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ገፋ፤ እኔም ገፋሁ። ከቱም ወደ ጤና ኬላው የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አስካለች የክትባት መዝገብ እየሞላች ነበር። ስታየኝ ደንግጣ ተነሣች።

«እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?»

አብረን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን፤ ነገርኳት። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈልጌ ነበር፤ የለም። እንባም የለም። እጆቿን አየች።

«ጨርሻለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት» አለች። «ዝርዝሩ ሲመጣ ግን፣ ለካ ጨርሻለሁ ያልኩት መስሎኝ ነው አልኩ። ኮምፒውተር አይዋሽም ብዬ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ባለፈው ወር አንዲት እናት ምጥ ጠንቶባት አመጧት። ምን መደረግ እንዳለበት እጄ ያውቀዋል። ግን አላለፍሽም ተብያለሁ። ፈራሁ። በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋት።»

መጠየቅ ፈራሁ። እሷው ቀጠለች።

«እናቲቱ ተርፋለች።»

ስለ ሕፃኑ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ እስከምነሣ ድረስ የተናገርኩትን ዛሬ አላስታውስም። እሷ የተናገረችውን ግን አስታውሳለሁ።

«እመጣለሁ» አለች። «ግን ለኮምፒውተር አልፈተንም። ሰው ይፈትነኝ። ቆሜ፣ በእጄ እያሳየሁ።»

እንዳለችው ሆነ። ዲኑ ሁለት አዋላጅ ነርሶችን በፈታኝነት መደበ። አስካለች፣ ከባጩማ ሁለት፣ ከቴፒ አንድ መጡ። አራቱም አለፉ። አስካለች በመለማመጃው አሻንጉሊት ላይ የደም መፍሰስን እንዴት እንደምታቆም ስታሳይ አንደኛዋ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታያት ነበር። በዓመቱ ቱም ጤና ጣቢያ ተመደበች።

ወይንሸት የምትባለው አምስተኛዋ አልተገኘችም። ሥራውን ለቃ ከባሏ ጋር ወደ ሌላ አገር ሄዳለች አሉኝ፤ ወደ ጅማ ነው ያለም አለ፣ ወደ ወላይታ ያለም አለ። ደብዳቤዋ ሳይደርሳት ቀርቷል።

ስድስተኛው ተረፈ ነው። ሸኮ ስደርስ ነጭ ጋዋኑን ሰቅሎ ቡና ገዢ ሆኗል፤ በጆንያ መካከል ቆሞ አገኘሁት። ወንበር አወጣልኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ፣ በአክብሮት ሰማኝ። ቀልዱ ግን የለም።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» አለኝ። «እዚያ ክፍል ግን ዳግመኛ አልገባም። ሰው ሁሉ ወደቀ ሲለኝ አላመመኝም ነበር፤ እኔው ራሴ ወደቅሁ ብዬ ስላመንኩ ነው የተውኩት። አሁን ደብዳቤ ይዘው ቢመጡ ያንን ከየት ይነቅሉታል?»

ደብዳቤውን ጆንያው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ለወጥኩ። ረጅም መልሶች ለብቻቸው ሰፊ ቦታ ተሰጣቸው። ኮዴ የእያንዳንዱን ትእዛዝ መልስ ያያል። ማያው «ተመዝግቧል» የሚለው መዝገቡ «ሆኗል» ካለ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ የተቀመጠውን ከመዝገቡ መልሶ አምጥቶ ለሠልጣኙ ያሳየዋል፣ እሱ አይቶ ሲያረጋግጥ ያልፋል። ያዘገያል ብለው ወቅሰውኛል። ያዘገያል። በሚቀጥሉት ዓመታት ሁለት ጊዜ ሲስተም ተቀየረ፤ በሁለቱም ጊዜ የድሮዎቹ ሠልጣኞች መዝገብ ወደ አዲሱ ሲሻገር አንድ በአንድ ከወረቀት ጋር አስተያየሁ። ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ከኋላዬ ይስቁብኝ ነበር፤ በኋላ እነሱም ለመዱት። አቶ ኃይሌ በዚያ መካከል አረፉ። ስንብቴ ላይ ጋቢና የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ቁልፉን አስረክቤ ወጣሁ።

ከዘሪቱ ጋር በአጥሩ ካወራን ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ተረፈ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ፎልደር በብብቱ ይዟል። ገብቶ እንዲቀመጥ ብለምነው ቆሞ ቀረ።

«ወደ ሙያዬ ልመለስ ነው» አለኝ። «ወረዳው የማሻሻያ ሥልጠና እንድወስድ ፈቀደልኝ። ዛሬ ይጀመራል።» ፎልደሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረው። «እስከ ማሰልጠኛው በር ሄጄ ተመለስኩ እትዬ። ይግቡልኝ፤ አብረን እንግባ።»

ነጠላዬን ለበስኩ። ባጃጅ ይዘን ሄድን። ክፍሉ በር ላይ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ቆማ ስም ትቀበላለች። የተረፈን ስም ከዝርዝሯ አገኘች፤ ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ እማማ?»

«አብሬው ነው የመጣሁት» አልኳት።

ወንበር ስቤ ጎኑ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ደም መፍሰስ ነበር። አንድ መስመር ጻፈ፣ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ፤ ማያው እስኪሞላ ጻፈ። ሲጨርስ ላከው። ከዚያ ሳልነግረው ፕሮግራሙን ራሱ ዘጋው፤ ስሙን እንደገና ጽፎ ገባ። ገጹ እየመጣ መሆኑን የምታሳየው ክቧ ምልክት ትንሽ ዞረች። ገጹ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች በጣቱ እየተከተለ አነበበው።

«አለ?» አልኩት፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ መጥቼ ነበር።

«አለ። ሁሉም አለ።»

ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፣ እጁን አፍታታ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና እንደ ድሮው ፈገግ አለ።

«በሉ እትዬ፣ አሁን ይሂዱ» አለኝ። «ብዙ ነው የምጽፈው።»